ስምንት ሰዓት ከአንድ ደቂቃ

በግድግዳው ሰዓት ሁለት ይላል ቁጥሩ፣
በእኔ አፍ ስምንት ነው፤ አንድ ነው ምሥጢሩ፤
ዘግይቶ ለመጣ ሁለቱም አይምሩ።

ብራንደን ከተማ፣ የማኒቶባ ሜዳ፣
ወሩ መጋቢት ነው፤
የከረመው በረዶ ጠቁሮ ተኝቷል እንደ ቆየ ዕዳ።
ማዘጋጃ ቤቱ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከመስታወት ኋላ፣
እኔና ማኅተሜ፣ አንድ የካርቶን ሣጥን፣ ለእንግዳ የሚሆን ጥቂት ከረሜላ።
ፖስታ እቀበላለሁ፣ ጀርባው ላይ ሰዓቱን እመታለሁ፤ ሌላ
አላውቅም፤ አይጠይቁኝም።

ጨረታው ትንሽ ነው።
የእግረኛ መንገድ፣ ከትምህርት ቤቱ በር እስከ አውቶቡሱ ፌርማታ ድረስ፣
ሁለት መቶ አሥር ሜትር፤ አሮጌውን መስበር፣ አዲሱን ማፍሰስ፣
የሕፃን ጋሪ የምትገፋ እናት ጎማዋ እንዳይያዝ ጠርዙን ማለስለስ።
ደንቡ ግን ሠላሳ ስድስት ገጽ ነው። አንድ መስመር በደማቁ፦
ከሰዓቱ ያለፈ ሳይከፈት ይመለሳል።
እዚህ መስኮት ላይ ዝቅ ያለ ይነሣል፤
ትሑት ስለሆነ አይደለም፤ ዋጋውን ቀንሶ፣
ከሲሚንቶው ቆንጥሮ፣ ከራሱ ወዝ ቆርሶ።

ሁለቱ ደረሱ። ጉሌ ከነልጁ፣ ከነጭቃ ጫማው፣ ገና ከማለዳ፤
ከዊኒፔግ ደግሞ በመልእክተኛ እጅ ነጭ ፖስታ መጣ፣
የሰርግ ጥሪ መሳይ፣ ጠርዙ ያልተጎዳ።
የቀረው ኦረስት ዳኒሉክ ነበር፤
የዚህን ከተማ ግማሽ በእጁ ያፈሰሰ፤
ሲሚንቶው ሳይደርቅ ጥጉ ላይ በምስማር
ዓመቱን ይጽፋል፤ ስሙን አይጽፍም።
የእኔ ደጃፍ ላይ 1987 ይላል።
ልጆቼ በዚያ ቁጥር ላይ መራመድ ለመዱ።

ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ሣጥኑን አነሣሁ፤
ከደረጃው ሥር የቦት ጫማ ሩጫ ሰማሁ።
ኖሪን፣ አለቃዬ፣ ቀና ብላ አየች፤ እኔም ቀና አልኩ፤
ቀዩ ዘንግ አንዱን ዙር ጨርሶ ሁለተኛውን ጀምሯል።
"ባቡር" አለ ኦረስት፣ ትንፋሹ ተቆርጦ፤
"መቶ አርባ ፉርጎ ቆጠርኩ። ስንዴ፣ ስንዴ፣ ማዳበሪያ፣ ስንዴ።"
ባቡር በቃለ ጉባኤ አይሰፍርም።
እጄ፣ በሕግ አምላክ እንደተባለ ሰው፣ አየር ላይ ቆመ፤
ከዚያ መታሁ። ፖስታውን በመስታወቱ ሥር መልሼ ገፋሁለት።
አልተቆጣም። ኮፍያውን ነካ።
"ሥራሽ ነው" አለ።
የከፋኝ ይህ ነው።

ኖሪን ሁለቱን ከፍታ ጮክ ብላ አነበበች፦
ጉሌ ዘጠና አራት ሺሕ፤ ዊኒፔግ ሰባ ዘጠኝ ሺሕ ከስድስት መቶ።
ምክር ቤቱ ማክሰኞ ማታ በጓሮ ዶሮ ሲከራከር አምሽቶ፣
ይህን ያለ አንድ ጥያቄ አጸደቀ፤ እጁን አውጥቶ።
ውሉ ተፈረመ፤ ለእኔ ግን ያን ሌሊት ውሉ ጠፋብኝ፤
ሰባ ስምንት ይሆን? ሰባ ሰባት? መቶ ሁለት?
አንዲት ደቂቃ በሲሚንቶ ስንት ኩንታል ናት?
ትራስ ላይ ሆኜ እንደ ተጫራች አሰላሁ።

ሐምሌ ላይ ፈሰሰ። አልዋሽም፤ ቆንጆ ነው፣ ቀጥ ያለ።
ክረምቱ አርባ ገባ፣ ከዜሮ በታች፤ በረዶው ሲከዳ፣
ሦስተኛው ሰሌዳ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ አለ።
እዚያው አገኘሁት፣ የልጅ ልጁን ሊወስድ መጥቶ፤
በተረከዙ ስንጥቋን ይነካካል፣ እንደ ጥርስ ሐኪም።
"የእኔም ቢሆን ይሰነጠቃል" አለ፤ "ከሥሩ ውሃ አለ።"
መጠየቅ እንደማይገባኝ እያወቅሁ፣ "ዋጋህ ስንት ነበር?" አልኩት።
ሳቀ። "የምታሰላው ስቴፋ ናት፤ እኔ ፈርሜ እሮጣለሁ።
ፖስታው መኪናዬ ኪስ ውስጥ ነው፣ እንደታሸገ።
ብከፍተው ወይ ተበድያለሁ፣ ወይ በከንቱ ነው የሮጥኩት።
እሷን ብጠይቃት ደግሞ፣ ለምን ዘገየህ ትለኛለች።"
ልጁ ስንጥቋን ዘለላት። ሄዱ።

ዛሬ ሌላ ጨረታ አለ፤ የጎርፍ መውረጃ ቱቦ፣ ሠላሳ ሜትር።
ሣጥኑ ውስጥ ሁለት ፖስታ። ስምንት ሊሆን ጥቂት ቀርቷል።
ከከተማው ማዶ ባቡሩ ይጮኻል።
ማኅተሙን አንሥቼ፣ እጄን ሳላወርድ፣
ፉርጎ እቆጥራለሁ።