ዘጠና ስድስተኛው ጉድጓድ

ሴገድ ላይ ክረምት ነው፤ ቲሳ ጉም ለብሳለች፤
የመጨረሻዋ ትራም ማደሪያዋ ገብታለች።
ከምድር ቤቱ ክፍል አንድ መብራት በርቷል፤
ማቀዝቀዣው ሲያጉረመርም ቆይቶ፣ ደክሞት ዝም ብሏል።

ኤመሼ ጓንቷን አጠለቀች።
ፊት ለፊቷ ሳህን አለ፣ መዳፍ የሚያህል፣
ዘጠና ስድስት ጉድጓድ፣
እያንዳንዱ ለአንድ ሽምብራ የተማሰ መቃብር የሚመስል።
ወለሉ ላይ የማይታይ ወጥመድ ተዘርግቷል፤
ፀረ-አካሉ አፉን ከፍቶ አንድ ፕሮቲን ይጠብቃል፦
የጉበት ደጃፍ ላይ የሚቆመውን፣
ኮሌስትሮሉን ከደም ጎርፍ ጎትቶ የሚያስገባውን፣
ያን በረኛ፣ ያን ተቀባይ።
እሱ ካለ ደም ይጠራል፤ እሱ ከሌለ እንግዳው
ደጅ አድሮ፣ ደጅ ሰንብቶ፣ ይጋገራል ከግድግዳው።

ከአይጦቹ ግማሹ ያለ በረኛ የተወለደ፣
ከዘሩ መጽሐፍ ውስጥ አንዲት ገጽ የተቀደደ።
ግማሹ ሙሉ ነው፤ ስም የለውም፣ ቁጥር እንጂ፤
ትናንት ሱፍ ይፈለፍል ነበር፤ ዛሬ ጠብታ ነው፣ በኤመሼ እጅ።

ትጨምራለች። ትጠብቃለች። ታጥባለች።
ሳህኑን ገልብጣ ወረቀት ላይ ትመታለች፤
አንዴ፣ ሁለቴ፣ እስከ አምስት፤ ያልተያዘ ይሂድ፣
የተያዘ ይቅር፤ ሕጉ ይኸው ነው፣ አያውቅም ዘመድ።
ከሙቀት ሣጥኑ ውስጥ ሰዓቱ እስኪሞላ፣
የዘበኛው ሬዲዮ ከላይ ይሰማል፦
የእጅ ኳስ ውጤት፣ ቀጥሎ ስለ በረዶ፣ ከዚያ ስለ ሌላ።

አባቷ አርባ አንድ ዓመቱ ነበር።
ከዓሣ ገበያው ደጃፍ፣ ቅርጫቱን እንዳንጠለጠለ፣
ጎረቤት ሲጠራው ዞሮ፣ ፈገግ እንዳለ፣
ወደቀ።
የገዛው ዓሣ ቅርጫቱ ውስጥ ገና ይንፈራገጥ ነበር።
ሐኪሙ «የዘር ነው» አለ፤ እናቷ «የሥራ» አለች፤
ኤመሼ በስድስት ዓመቷ ሁለቱንም አመነች።
አሁን ሠላሳ ዘጠኝ ናት። ሐኪም ቤት አልሄደችም።
የአይጥ ደም ስትለካ ኖራ፣ የራሷን አልለካችም።

ዛሬ ግን አንድ ጉድጓድ ተረፋት፤ ጥግ ላይ ያለው፣ የመጨረሻው።
ማንም አላያት።
ጣቷን ወጋች፤ ደሟን በማሽን አሽከረከረች፤
ከላይ የጠለለውን ጠብ አደረገች።

ከዚያ ሰማያዊው መጣ፣ እንደ ንጋት በዳር በዳሩ፤
አሲዱ ሲነካቸው ቢጫ ሆኑ፣ ሙሉዎቹ አበሩ፤
ገጽ የተቀደደባቸው እንደ ውሃ ጠርተው ቀሩ።
ማሽኑ ብርሃን አሳልፎ የደረሰውን ሲቆጥር፣
አንድ ነጥብ ስምንት… ዜሮ ነጥብ ዜሮ ስድስት… ቁጥር በቁጥር፣
የእሷም ጠርቶ ቀረ።

እስትንፋሷ ጉሮሮዋ ላይ ቆመ።
ቆይታ ሳቀች፤
ከካርቶኑ ጎን ያለውን ደቃቅ ጽሕፈት፣
ሺህ ጊዜ ያየችውን፣ ዛሬ አነበበች፦
«ለአይጥ ብቻ»።
ወጥመዱ የአይጥን ያውቃል፤ የሰው ፊት አያውቅም፤
የማያውቅ ዳኛ ዝም ቢል፣ ፍርድ አይደለም።

ቾንጎር ጠዋት መጣ፣ ኮቱ ላይ በረዶ፤
«ሸጋ ውጤት ነው» አለ። «ያ ጥግ ላይ ያለውስ፣ ለምን ሆነ ባዶ?»
«ማጠቢያ ውሃ ነው» አለችው።
እሱም እንዳለችው ጻፈው።

ጃኬቷን ደርባ ወጣች፤ የዓሣ ገበያውን አልፋ፣
ጣቷ ላይ ጥጥ፣ ክሊኒኩ በር ላይ ወረፋ።
ቁጥር ሰጧት፤ አሥራ ሰባት።
ተቀመጠች፣ እስኪጠሯት።