አረፋ አይግዙ

ኮዬ ፈጬ ላይ ውሃ ጠባዩ የሌባ፣
ሳይነጋ ይወጣል፣ ሌሊት እንደገባ።
ማክሰኞ ለረቡዕ ቧንቧው ሲያስለው
ከአልጋዬ ዘልዬ በርሜል እደቅናለሁ፤
አራተኛ ፎቅ ላይ በነጠላ ጫማ ቆሜ
የሦስት ጠርሙስ ጀርባ አነባለሁ ደግሜ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ንብረት ክፍል ሳለሁ
ከሚስማር እስከ ጎማ መርጬ ገዝቻለሁ፤
ሦስት ዋጋ ሳላይ ፊርማዬ አይወርድም።
የቤቴን ሳሙና ግን ቀለሙን አላውቅም።
ያ የወርቅአንጥፉ ነበር፣
ጣቷ መላላጥ፣ መሰንጠቅ እስኪጀምር።

ጤና ጣቢያ አብረን ሄድን። ሐኪሟ ልጅ እግር፣
መዳፏን ገልብጣ አየችው እንደ ደብተር፣
«እማማ፣ ይሄ ሳሙና ይቅርብዎት» አለች።
ወርቅአንጥፉ ዞረች፤ ቃል አልተነፈሰች፤
አየችኝ። አበቃ።
ከዚያ ቀን ጀምሮ የኔ ነው የወጡም፣ የሻዩም ዕቃ።

የመጀመሪያው አረንጓዴ፣ ሎሚ የተሳለበት፣
ቱሉ ዲምቱ ወርጄ ከትልቁ ሱቅ የገዛሁት።
ገና ጠብ ሲል አረፋው ዘሎ ክንዴን ዋጠው፤
ጎረምሳ ነው፣ መታየት ነው የሚያስጨንቀው።
ድስቱን ደበቀብኝ። ልቀቅ ስለው እንቢ ብሎ
አንድ ጆግ፣ ሁለት ጆግ፣ ሦስተኛው ተከትሎ
ከበርሜሌ ወጣ።
በማግስቱ ሻዬ ሎሚ ሎሚ አለኝ፤
ቤት ውስጥ ሎሚ የለም። ሳሙና ነው ያጠጣኝ።

ሁለተኛው ቢጫ ነው፣ በሃይላንድ ጠርሙስ፣
ከታክሲ ተራው ጉሊት፣ ክዳኑ የሚያፈስ።
ውሃ ነው፤ በውሃ የተበረዘ ውሃ።
የቅበላው ቅቤ በሌሊት ብርድ ረግቶ
ሳቀበት መሰለኝ፣ ድስቱ ላይ ተኝቶ።

ሦስተኛው የሶሬቲ ነው።
ከብሎካችን ምድር ቤት፣ ከደረጃው በታች፣
በሰማያዊ በርሜል በዱላ ታማስላለች፤
ከበርሜሉ በላይ የምርቃት ፎቶዋ፣
ኬሚስትሪ የሚል ወረቀት ከጎኗ።
አራት ዓመት የሥራ ማስታወቂያ አንጋጣ
አንብባ፣ አንብባ፣
አንድ ቀን ከመርካቶ ዱቄቷን ተሸክማ መጣች።
መልኩ አጓት ነው፣ ድፍርስ። ሽታም፣ ሥዕልም የለው፤
ስሙ በፕላስተር ላይ፣ በእስክሪብቶ ነው።
«ይሄ እኮ አረፋ የለውም» አልኳት፣ ዋጋ ላስቀንስ።
ሳቀች። «ጋሼ ደምመላሽ፣ አረፋ አይግዙ።
አረፋ አየር ነው። ቅቤውን የሚፈታው
ከሥር ነው፣ አይታይም። ደግሞ እንደ እኛ
ውሃ በጆግ ለሚቆጥር ሰው
ቶሎ የሚለቅ ነው ደጉ።»
ንብረት ክፍል ሳለሁ
እንዲህ ያለ አቅራቢ አልገጠመኝም።

እና ዛሬ፣ ያው ድስት፣ ያው ቅቤ።
አንድ ማንኪያ ጠብ አርጌ፣ እንደ ፈተና አስቤ፣
በስፖንጁ ሳሸው ቅቤው ሳይከራከር ሸሸ፤
አረፋው በጣቶቼ መሃል
ትንሽ ተንሾካሾከ፣ ጠፋ።
አንድ ጆግ። በቃ።
ብርጭቆውን በአውራ ጣቴ ስፈትገው «ሲጥ» አለ፣
እንደ አዲስ ጫማ።

ወርቅአንጥፉ ሰምታው መሰለኝ፣ ጋቢ ደርባ ወጣች።
ብርጭቆውን ተቀብላ ወደ አምፖሉ አነሳች፣
አሸተተች፣ ቆይታ እንደገና አሸተተች፣
በዳነው ጣቷ ከንፈሩን ዞረች፤
ለሷም «ሲጥ» አለላት።
እኔ ጨረታ እንደገባ ነጋዴ
እጄን አጣምሬ ጠበቅሁ።
«ቂጡን አላጠብከውም» አለች።
ብርጭቆውን መለሰችልኝ፣
ፈገግታዋን ግን ይዛው ገባች።

ቧንቧው አንዴ አሳለና ዝም አለ።
በርሜሉን አየሁ፤ ግማሽ ነው።
ለአንድ ቂጥ ይበቃል።