የሞቀው ሣጥን

ኅዳር ነው። ደብረ ብርሃን ውርጭ አነጠፈ በሣሩ፣
ዘበኛው ጋቢ ደራርቦ ይንቀጠቀጣል ከበሩ።
ሞቆ የሚያድር አንድ ሣጥን ነው፣ እሱም ያለው እኔ ክፍል፣
ሠላሳ ሰባት ዲግሪ፣ ሳይጨምር ደግሞም ሳይጎድል።
እዚያ ነው ያስተኛሁት የምንዳዬን ደም በጠርሙስ፤
ድንጋይ ጠራቢ ነው፣ ከሰላ ድንጋይ የመጣ ባንድ ልብስ።

«ወገቤን» አለ በሐምሌ። «ድንጋይ ነዋ!» አሉት ሁሉ፤
ሠላሳ ዓመት ላጎነበሰ ምን ሌላ ምክንያት ሊሉ?
ቅቤ ታሸ፤ ወጌሻ አየው፤ ሰባት ቀን ተጠመቀ፣
ሌሊት ግን ጋቢው በላቡ ርሶ፣ ጠዋት ጠዋት ተጨመቀ።

ስለ አውራ ጣቱ ማን ይጠይቅ? ሰኔ ላይ መሮ ስቶ
የሰነጠቃት ጭረት ነበረች፤ በጨርቅ አስሮ፣ ረስቶ
ሥራ ገባ። ቁስሉ ዳነ።
ቁስሉማ ዳነ።

ቆዳው ላይ ከልጅነቱ አብረውት ያደሩ ነበሩ፣
አፍንጫው ጥግ፣ ብብቱ ሥር፣ ኪራይ ሳይከፍሉ የኖሩ፣
ክፉ ያልሠሩ ጎረቤት።
በዚያች ጭረት ገቡ ከቤት።
(እኔም አሉኝ፣ አንተም አሉህ፤ ይህን ስጽፍ ጣቴ ላይ ናቸው።)

ደም መንገድ ነው፤ የትም ያደርሳል። በልቡ መግቢያ ስስ በር አለች፣
ከተወለደ አንድ ቀን ሳታርፍ የተከፈተች፣ የተዘጋች።
ጎጇቸውን እሷ ላይ ቀለሱ።
ከዚያ የተቆረሱት ከጀርባው ደረሱ፤
በሁለት አጥንት መካከል
እንደ እሱው መጥረብ ያዙ፤ መሯቸው ግን ድምፅ አልባ፣ ስል።

ዶክተር ፍሬሰንበት ደረቱን አዳምጣ ዝም አለች።
ከትርታው ኋላ ሽው የሚል፣ የላላ በር ሰማች።
«ወገቡን ተዉት፣ ደሙን!» ብላ ሦስት ጠርሙስ ሰደደች።

በማግስቱ አንዱ ደፈረሰ። ጠብታውን ቀለም ነክሬ
በአጉሊ መነጽር ባየው፦ የወይን ዘለላ፣ ፍሬ በፍሬ፣
ወይን በማያውቀው ብርድ፣ በድንጋይ ጠራቢ ደም።
ማማሩን አልክድም፤ ለርግማን አፌ አልቀደመም።

ስድስት ሳምንት በደም ሥሩ፣ በየስድስት ሰዓት መርፌ፤
«ጣቱ እኮ ድኗል» ትላለች ሚስቱ፣ ወይዘሮ ዘርፌ።
ገልጣ ታሳየኛለች፤ ጠባሳው የስንዴ ቅንጣት ያህላል።
ዛሬ ትራስ ተደግፎ ተቀመጠ። የግድግዳውን ድንጋይ
በዓይኑ ዳሰሰና፣ «ይኼን የጠረበው ሰው ቸኩሏል»
አለ።

ወደ ሣጥኔ ተመለስሁ። አዲሱ ጠርሙስ
ሁለተኛ ሌሊቱ ነው።
እስካሁን አልደፈረሰም።