የአንዲት ፊደል ዕዳ

ፖርቶ ላይ፣ ከዶውሮ፣ ከወንዙ ዳርቻ፣
ማተሚያ ቤቱ ሥር፣ በአንድ አምፖል ብቻ፣
ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ቃል ሳቀና
የራሴው መሳቢያ ውስጥ ሻገተ ቀረና፣

አንድ ማክሰኞ ማታ መጣልኝ ረቂቅ፤
የዙልሚራ ግጥም፣ ስሟ ከላይ ደማቅ።

አብረን ነበርን ድሮ፤ ባንድ ወንበር ያነበብን፣
ባንድ ትራም ትኬት ሁለታችን የሄድን።
እሷ ስትጠራው ቃል ሮጦ ይመጣል፤
እኔ ስጠራው ግን እግሩን ይጎትታል።

ቀይ ብዕሬን ያን ሌሊት እንደ ጦር ሰበቅኩ፤
እንደ ኬላ ዘበኛ ቃሉን ሁሉ ፈተሽኩ።
ኮንትሮባንድ የለም። ሁሉ ንጹሕ ሆነብኝ፤
መንጋጋ ጥርስ ይመስል ውበቱ ጠዘጠዘኝ።

ገጽ አርባ አንድ ላይ ግን፣
እናቷን ስታነሳ፣ ጨው ስትለቅም የኖረች፣
«ጨው በመሀረቧ ቋጥራልኝ መጣች»
ልትል ነው የፈለገች።
በቋንቋችን ጨውን ከፀሐይ የሚለየው
አንድ ፊደል ብቻ ነው።
ፊደል ለቃሚው ስቶ ጨዉን ፀሐይ አለው፤
«ፀሐይ በመሀረቧ ቋጥራልኝ መጣች።»

አየሁት። ብዕሬ ከዚያች መስመር በላይ
ጭልፊት ሆኖ ዋለለ፣ ሳያርፍ ከቃሉ ላይ።
«ይሳቁባት» ብዬ ገጹን ገለበጥኩት፤
ያን ሌሊት፣ ከስንት ዓመት፣ እንቅልፌን ጠገብኩት።

መጋቢት ላይ ሽልማት። አዳራሹ ሞልቶ፣
አንድ ሽበታም ዳኛ መነጽሩን አንስቶ፣
«ፀሐይን በመሀረብ! ይህችን አንዲት መስመር
ዕድሜዬን ሰጥቼ እኔ በጻፍኳት ነበር!»
ሰዉ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ፤
መዳፌ ቀላብኝ፣ እስከ ክርኔ ነደድኩ።

እሷ ስታነብ ግን፣ እዚያች ጋ ስትደርስ፣
ዓይኗ ፈለገኝ፣ ከኋላው ወንበር ድረስ።

ሽልማቷን በብብቷ እንደ ዳቦ ሸጉጣ
ደረጃው ላይ ያዘችኝ፣ ከጭብጨባው አምልጣ።
«አደሊኖ፣ ጨው ነበር! ፀሐይ ያልከው አንተ ነህ?
ለራስህ ሳትይዛት እንዴት ለኔ ሰጠህ?»

ዕድሜ ልኬን ስጽፍ፣ አንድ የሚነበብ ስንኝ፣
እሱም እጄን ሰብስቤ፣ በክፋት ወጣልኝ።
አዎን ብል ሌባ ነኝ፤ የለም ብልም ሌባ፤
ዝናቡ በአንገቴ ሸሚዜ ውስጥ ገባ።

የመጨረሻው ትራም እየደወለ አለፈን።
«ብርድ ነው» አልኳት።
«ብርድ ነው» አለች።
ክንዴን ግን አልለቀቀችም።