ብረት

ዊኒፔግ፣ ጥር ወር፣ የሆስፒታል ምድር ቤት።
እኔ አስተርጓሚ ነኝ፣ ክፍያዬ በሰዓት።
ነርሷ ቅጿን ይዛ ከማሽኑ በር ላይ፣
«ጠይቅልኝ» አለች፣ «ብረት አላቸው ወይ፣
ከቆዳቸው በታች?»

ጀርባው የማይገጥም ሰማያዊ ቀሚስ
ለብሰው የቆሙት ሰው፣ በካልሲ፣ ቀስ በቀስ
ተረከዝ ገጥመው ሪፖርት አቀረቡ፦
«ኮሪያ። ቀኝ ታፋ። ሞርታር ነው ሰበቡ።
መቶ አለቃ ላቀው አወጣኝ አዝሎ፣
ሌሊቱን በሙሉ ‹አትተኛ› ብሎ ብሎ።

ኦጋዴን። ግራ ትከሻ። እሷ እንኳን ትንሽ ናት፤
ብርድ ሲመጣ ብቻ ትነግረኛለች ሰዓት።

ሦስተኛው...» አሉና ዝም አሉ ኮሎኔል እንግዳሸት።
ማሽኑ ከግድግዳው ወዲያ ኳኳታውን አላቆመም።

«ሦስተኛው ከጎኔ፣ ከጎድን አጥንት ሥር፤
ታኅሣሥ ሃምሳ ሦስት፣ ከቤተ መንግሥት አጥር።
ላቀው ነው የተኮሰው።
እኔም ተኩሻለሁ።
የኔ ጥይት እሱ ውስጥ አልቀረችም፤
እሱ ነው የቀረው።
በወሩ ሻለቃ ተባልኩ። ፎቶዬ ጋዜጣ ላይ ወጣ።
ከዚያ በኋላ ያገኘሁት ማዕረግ ሁሉ
በዚያች ጥይት ላይ የተደረበ ነው።»

ነርሷ እስክሪብቶዋን አንስታ ትጠብቃለች።
«ምን አለ?» ብትለኝ፣
ያን ሁሉ ዘመን አጥፌ፣
«አለ» ብቻ አልኳት።
ትንሿ ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረገች።

«ማግኔት ነው፣ ይስባል፤ አይገቡም» አለች።
ስነግራቸው ቀና ብለው አዩኝ፦
«እስቲ ጠይቃት፤
ሁሉንም ነው የሚስበው፣
ወይስ መርጦ?»

ይህን አልተረጎምኩም።
ጎንበስ ብዬ ጫማቸውን አቀበልኳቸው።