ስንት ሰው ይተኛል?

ገንደ ቆሬ ገባሁ፥ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣
ቆርቆሮ ሲንጣጣ በፀሐዩ እሳት፤
ደቻቱ አሸዋ ነው፥ ጎርፉን የረሳ፣
ከኒም ጥላ ወጥቶ ውሻ እንኳ አይነሳ።

አዴ መይሙና ደጅ ባጃጄን አቁሜ
ሜትሬን ይዤ ገባሁ፥ ቦርሳ ተሸክሜ።
ከሳሎኗ መሐል ቆሟል አንድ ካርቶን፣
ዳንቴል ተደርቦበት እንደ ሙሽራ ሣጥን።
«ሸምሴ ነው የላከው፥ ከጅቡቲ በባቡር፤
ትልቁን!» አለችኝ፥ ሳልጀምር ነገር።

ሦስት ፈረስ ጉልበት! እኔ ሳቄን ዋጥኩት።
ክፍሏን ለካኋት፤ አራት በአራት ናት።
ምዕራቡ ግድግዳ ፀሐይ ሲግት ውሎ
ሌሊት ይተፋዋል፥ ትንፋሽዋን አግሎ።
ኮርኒስ የለም፤ ቆርቆሮው እርቃኑን ነው፤
መስኮት አንድ፥ አምፖል አንድ፤ ሁሉን ጻፍነው።

«አዴ፥ ስንት ሰው ይተኛል እዚህ ቤት?»
«እኔና የልጅ ልጄ ሂክማ። በቃ፥ ሁለት።»

(በኛ ሙያ ሰው ማለት፥ ሽርጥ ታጥቆ ሲያድር፣
ባለ መቶ ሻማ አምፖል ነው ሲቆጠር።)

«አዴ፥ ይሄ ፈረስ ለዚህ ጓዳ በዛ፤
ከመሮጡ ይቆማል፥ ይነሳል እንደ ዋዛ፤
ይነሳል፥ ይቆማል፥ ሲያቃስት እስኪነጋ፤
ይበርዳል እንጂ አይደርቅም፥ ይረጥባል አልጋ።
ቆጣሪው ይከንፋል፥ ሞተሩ ይደክማል፤
አሥራ ሁለት ሺህ ይበቃል፤ ትልቅ መች ይጠቅማል?»

«ልጄ ነው የላከው» አለች፥ ቃሏ ላልቶ፤
ጣቷ ዳንቴሉን ሲያቃና ቆይቶ።

እኔ አልራራሁም። ሙያ ነው፥ ቁጥር ነው።
ታይዋን ሱቅ ወስደን በግማሹ ለወጥነው።
በተረፈው ገንዘብ ኮርኒስ አስመታን፣
ለምዕራቡ ግድግዳ የሰሌን ጥላ ሠራን፣
የውጪውን አካል ሰሜን ጥላ ሰቀልነው፣
የውሃ መውረጃውን አዘንብለን ጣልነው፤
ተማም በውሃ ልክ ሦስት ጊዜ አየው።
እጄን ታጥቤ ወጣሁ። ንጹሕ ሥራ። ኮራሁ።
«እንዲህ ነው እንጂ!» ብዬ ለራሴ አወራሁ።

ግንቦት ገባ። አንድ ሌሊት፥ አራት ሰዓት ሲሆን፣
ስልክ፤ ሂክማ ነበረች፦ «ማሽኑ አቃተው፥ ናልን።»
ጋዝ አለቀ ይሆን? ማጣሪያው ታፈነ?
ወይስ በመብራቱ ሞተሩ መከነ?
ዕቃዬን ተሸክሜ በሩን ስከፍተው
እግሬን የማኖርበት መሬት አጣሁ።

ሰው!

ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፥ ፍራሽ ከፍራሽ ገጥሞ፤
የጎረቤት አራስ፥ ጨቅላዋ ደረቷ ላይ ተጋድሞ፤
ልብስ ሰፊው አዩብ፥ አስም የሚያሠቃየው፤
ነገ ፈተና ያለባቸው ሦስት የኮሌጅ ልጆች፥
ደብተራቸው ላይ ክንብል እንዳሉ፤
ሁለት ሕፃናት፥ የማን እንደሆኑ ማንም ያልነገረኝ፤
አንድ ሽማግሌ፥ የምድር ባቡር ጡረተኛ፣
«እኔ ዛሬ ብቻ ነኝ» ያለኝ፥ ሳልጠይቀው፥ እንደተኛ።

ቆጠርኩ። ከአዴና ከሂክማ ጋር አሥራ አንድ። በየሰው መቶ ሻማ።
የኔ ልከኛ ማሽን ታለቅሳለች በጨለማ።

«አዴ፥ ሁለት ብለሽኝ!» አልኳት በሹክሹክታ።
«ስንት ይተኛል ነው ያልከኝ፥ የኔ ጌታ፤
መች ጠየቅከኝ ስንቱ እንደሚመጣ ማታ?»

ያኔ ገባኝ የሸምሴ ሂሳብ። ሜትር አልነበረው፤
እናቱ ሰው መመለስ አትችልም፤ እሱን ነው የለካው።

ማጣሪያውን ጠረግኩ። ከዚያ ወዲያ ምን ላድርግ?
ነገ ታይዋን ሄጄ ያንን ፈረስ እጠይቃለሁ፤
ተሸጦም እንደሆን፥ ሌላ ግማሽ ከኪሴ እጨምራለሁ።

«ወይ ውጣ፥ ወይ ግባ!» አለ ጡረተኛው፤
«በሩ ላይ አትቁም፥ ብርዱን ጨረስከው!»

አዴ ትራስ ወረወረችልኝ።
ቦርሳዬን ከደጃፉ አስጠግቼ፣
ደብተሬን ገልጬ፥ በስልኬ መብራት፣
አሥራ አንዱን ሰረዝኩ።
አሥራ ሁለት።