ሩቅ ኃላፊ

ማታ ነው። ኮምቦልቻ።
አንድ አምፖል አለችን፣ እሷም ለሰሌዳው ብቻ።
ጥጥ በጸጉራቸው ይዘው ከፈትል ክፍል የወጡ፣
ብረት ሲጭኑ ውለው ወገባቸውን ደግፈው የመጡ፣
ከኋላ፣ ግድግዳው ሥር፣ ጋሽ ይመር፣ የተሳቢ ሾፌር፣
ዴስኩ ጠቦት ጉልበቱን በመተላለፊያው የሚያሳድር።

እኔ ጠመኔ ይዤ፣
«የዛሬው ሩቅ ኃላፊ ነው» ብዬ ገና ሳልጨርስ፣
«የኛስ ኃላፊ ቅርብ ነው፣ ሽንት ቤት ድረስ የሚደርስ!»
አለች ዘምዘም፣ የፈረቃው አለቃዋ ትዝ ብሏት፤
ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ደግሞ እውነት አላት።

ከዚያ ወደ ነገሩ።
«አንድ ትናንት ብቻ ካላችሁ ሩቅ መሄድ አያሻም፤
በላሁ፣ ከፈልኩ፣ ወጣሁ። በተራው ነው፤ አይበላሽም።
ሁለት ትናንት ሲኖሩ ግን፣ ወሬው ከኋለኛው ሲነሣ፣
የቀደመው መቅደሙ በሰሚው ዘንድ እንዳይረሳ፣
ያኔ ነው ‹ሃድ› የምትሉት።»

ፊታቸው ላይ ጭጋግ አየሁ፤ የጦሳ ዓይነት፣ ወፍራም።

«እሺ፣ ከደሴ ስትወርዱ መሀል ሐረጎ ላይ ቁሙና
ያለፋችሁትን መታጠፊያ እዩት፣ አንገታችሁን ቀና።
የቆማችሁበት ኃላፊ ነው፤ ያ የላይኛው ሩቅ ኃላፊ።
ዝም ብሎ ለሚወርድ ግን፣ ዞሮ ለማያይ አላፊ፣
‹ሃድ› ትርፍ ጭነት ነው።»

‹ትርፍ ጭነት› ስል ጋሽ ይመር ራሱን ነቀነቀ፤
ቆይቶ፣ እጅ ሳያወጣ፣ ቀስ ብሎ ጠየቀ፦
«‹ስገባ ወጣ› እና ‹ስገባ ወጥቶ ነበር› አንድ አይደሉም?»
«አይደሉም።»
«በምን?»
«የመጀመሪያው አይቶዎታል፤ ምናልባት ስላየዎ ወጣ።
ሁለተኛው ግን እርስዎን አላየም፤ ቀድሞ ነው የወጣ።»

ዝም አለ።
ከውጭ የባጃጅ ጡሩምባ፣ ከወዲህ የጠመኔ ብናኝ።

«የእህታችን ኒካህ ለት» አለ፣ «ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣
እኔ ስገባ ወንድሜ ሙሔ ወጣ፤ አልተያየንም ከዚያ ወዲያ።
ዘጠኝ ዓመት ደሴን ሳልፍ ሻይ እንኳ ቆሜ አልጠጣሁም።
እህቴማ ትምላለች፦ ‹ሸሁን ሊያመጣ ነው፣ ቦሩ ሜዳ፣
መኪናቸው ጭቃ ይዟት፣ ሳትመጣ ሄዶ ነበር› ብላ።
አላመንኋትም።»

«ሲወጣ አይተውታል?» አልኩት።

ጉልበቱን አየ።
«አላየሁም። ያየሁት መከዳውን ነው።
ባዶ። ሰው የተነሣበት። ጎድጉዶ።»

ምን ልበል? ሰዋስው ለምስክርነት አይቆም፤
የሚያውቀው ማን እንደቀደመ ነው፤ ማን እንደበደለ አይጠቁም።
እኔም ራሴ አንድ ሁለት ‹ስደርስ ሄደች› አሉኝ፣
ያልታረሙ።

ሌሊት፣ እርማት ላይ፣ የጋሽ ይመር አንድ ዓረፍተ ነገር፦
እኔ ስገባ ሙሔ ወጥቶ ነበር።
በእንግሊዝኛው ግን ዲ በቲ ተተክታ ‹ሃድ›ን ‹ሃት› አድርጎታል፤
ሙሔ ቀድሞ በመውጣት ፈንታ ባርኔጣ ደፍቶ ወጥቷል።
ቀዩን እስክሪብቶ አነሣሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።
ይሁንለት ባርኔጣው፤
ደሴ ብርድ ነው።

ሐሙስ ዕለት ዴስኩ ባዶ፤ መተላለፊያውም ሰፋ።
«ሐረጎን ሽቅብ ሲወጣ አየሁት፣ ያለ ጭነት፣ በዚህ የናፍጣ ወረፋ!»
አለች ዘምዘም። ደብተሯን ገልጣም፣
«ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?»

ዓይኔ ከባዶው ወንበር ሳይነሣ፣
«ይመጣል» አልኳት።